ልጆችን ግዕዝ በንግግር ማስተማር፦ አማርኛን መሸጋገሪያ አድርጎ በ36 ክፍለ ጊዜ

ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ የሚወጣ ልጅ «ውኃ ስጠኝ» በግዕዝ በል ሲባል አፉ የሚያያዘው ሰንፎ አይደለም። የንባብ ቤቱ ሥርዓት ፊደል፣ ንባብ፣ ዳዊት እያለ ይሄዳል፤ ግሱና ፍቺው የሚገለጠው ዘግይቶ፣ ቅኔ ቤት ሲገባ ነው። ያ መንገድ አንባቢና አገልጋይ ሲያወጣ ኖሯል፤ ተናጋሪ ላውጣ ብሎ ግን አልተነሣም። ልጁ እንዲናገር የሚፈልግ ሰው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ አለበት፦ መጀመሪያ ጆሮ፣ ቀጥሎ እጅና እግር፣ ከዚያ አፍ። ፊደሉና ሰዋስው መጨረሻ ላይ ይደርሳሉ።

አፍ የፈታበት ሕዝብ የሌለው ቋንቋ በንግግር አይለመድም የሚል ካለ ላቲንን ይመልከት። ጣልያን ፍራስካቲ የሚገኘው ቪቫሪዩም ኖቩም አካዳሚ ተማሪዎቹን በትምህርትም በማእድም በላቲን ያነጋግራል። የኛ ልጅ ደግሞ ከነሱ የሚሻልበት ነገር አለው። «ርእሰ መምህር» እያለ ነው ትምህርት ቤት የሚውለው፤ «ቤተ መጻሕፍት» የሚል ታፔላ ሥር ያልፋል። ግዕዙን ለምዶታል፤ ግዕዝ መሆኑን የነገረው የለም እንጂ። የአስተማሪው ሥራ በአብዛኛው ይህን የለመደውን ማውጣት ነው።

መመሪያው የተዘጋጀው አዳማ ውስጥ ቤታቸው፣ ግቢያቸው ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ለሚያስተምሩ ወላጆችና መምህራን ነው።

ማን፣ መቼ፣ በምን

ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 11 የሆኑ፣ ከ6 እስከ 10 ልጆች። ከ10 ካለፉ ለሁለት ይከፈሉ፤ በ25 ደቂቃ ውስጥ 15 ልጅ ተራ ከጠበቀ እያንዳንዱ የሚናገረው አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፣ የቀረው ጊዜ መረበሻ ይሆናል። አንድ ክፍለ ጊዜ 25 ደቂቃ ነው። ልጆቹ «ትንሽ እንጨምር» ቢሉም አይጨመር፤ እንደጓጉ ይሂዱ።

በትምህርት ወራት በሳምንት 3 ቀን፣ 12 ሳምንት ይወስዳል። በክረምት ከሐምሌ 1 እስከ ጳጉሜ 5 ያሉት 65 ቀናት በሳምንት 4 ቀን ከተሠራባቸው 9 ሳምንት ይሆናሉ፤ 36ቱ ክፍለ ጊዜ ልክ ይገባል። ከዚህ በታች «ሳምንት» ሲባል 3 ክፍለ ጊዜ ማለት ነው። ሰዓቱ ጠዋት 3 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። የአዳማ ቀትር ልጅን ያፈዛል። በክረምት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትምህርት በሙሉ ይባክናል፣ ምክንያቱም ያኔ ሥራው መስማት ብቻ ነው።

አስተማሪው የቅኔ መምህር መሆን የለበትም። ግን የሚያስተምራቸውን 150 ያህል ቃላት በትክክል መጥራት አለበት። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም፤ «ይነብር» ሲባል ብ እንደሚጠብቅ ከጽሑፉ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ቃላቱን ይዞ አንድ የንባብ መምህር ዘንድ ሄዶ ማስነበብና በስልክ መቅዳት ነው። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ የሚባሉትን የንባብ ዓይነቶች ልጆቹ በስማቸው ማወቅ አያስፈልጋቸውም፤ ከአስተማሪው አፍ በትክክል ከሰሙ ራሳቸው ይይዙታል።

ዕቃው ቀላል ነው። አንድ ቅርጫት ውስጥ መጽሐፍ፣ ውኃ ያለበት ጽዋ፣ ዳቦ፣ ድንጋይ፣ ቁራጭ እንጨት፣ ጨው በብልቃጥ፣ ቁልፍና አበባ ይግባ። ከካርቶን የተቆረጡ 30 ካርዶች፣ ሥዕል ብቻ ያለባቸው። አንድ ኳስ። ጥቁር ሰሌዳው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ ባይኖር ይሻላል፤ ካለ እጅ ይበላል፣ አስተማሪው ሳያስበው ዐሥሩን መራሕያን (አነ፣ አንተ የሚሉትን ተውላጠ ስሞች) ጽፎ ራሱን ያገኘዋል።

25 ደቂቃው እንዴት ይከፈላል

ሰላምታ 3 ደቂቃ፣ ትእዛዝና እንቅስቃሴ 8፣ ጥያቄና መልስ 6፣ ጨዋታ 5፣ የአማርኛ መስኮት 3።

የመጨረሻው ማብራሪያ ይፈልጋል። አማርኛ የሚፈቀደው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው አዲስ ቃል ሲመጣ ነው፤ በምልክት ካልተገለጠ ፍቺውን አንድ ጊዜ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናግሮ ወዲያው ወደ ግዕዙ መመለስ። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ባሉት 3 ደቂቃዎች ነው፤ ልጆቹ የፈለጉትን በአማርኛ ይጠይቃሉ፣ አስተማሪውም አንድ ነገር ብቻ ያሳያቸዋል። ከዚህ ውጭ በየዐረፍተ ነገሩ «ምን ማለት ነው?» እያሉ መጠየቅ ትልቁ ጥፋት ነው። ልጁ ግዕዙን ትቶ ፍቺውን መጠበቅ ይለምዳል፣ ከዚያ በኋላ ያለ አማርኛ ንቅንቅ አይልም።

በአንድ ክፍለ ጊዜ 6 አዲስ ቃል ይበቃል። በየሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አዲስ ቃል አይገባም፣ ክለሳ ብቻ ነው። እንዲህ ከሆነ በ24 ክፍለ ጊዜ ቢበዛ 144 ቃል ይገባል፤ ለልጅ ጨዋታና ወሬ ይህ በቂ ነው።

ሳምንት 1 እና 2፦ ስማ፣ አድርግ፣ ዝም በል

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ አሸር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያደራጀው ዘዴ ለዚህ ምዕራፍ ይስማማል፦ ተማሪው ትእዛዝ ይሰማል፣ በአካሉ ይፈጽማል፣ እስኪደፍር ድረስ ተናገር አይባልም። ለግዕዝ ደግሞ ትእዛዝ ጥሩ መነሻ የሚሆንበት ተጨማሪ ምክንያት አለ። ቅዳሴ የሚያስቀድስ ልጅ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ»ን፣ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ»ን በጆሮው ያውቃቸዋል፤ ዲያቆኑ ሲል ምን እንደሚደረግም አይቷል። ሦስቱ ግሶች እዚያው አሉ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ከነዚህ ውስጥ ቃሉን ብቻ እንውሰድ። «ተንሥኡ ለጸሎት»ን ከነሙሉው ለሩጫ ጨዋታ መጠቀም ወላጅን ያስቀይማል፣ ቢያስቀይምም አይፈረድም። «ተንሥኡ» ብቻውን ግን የማንም ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ስድስት ቃላት፦ ተንሥእ (ተነሣ)፣ ንበር (ተቀመጥ)፣ ሑር (ሂድ)፣ ቁም (ቁም)፣ ነዐ (ና)፣ ነጽር (ተመልከት)።

የሁለተኛው፦ ሩጽ (ሩጥ)፣ ንሣእ (አንሣ፣ ውሰድ)፣ ግስስ (ንካ)፣ አንብር (አስቀምጥ)፣ ስማዕ (ስማ)፣ አርምም (ዝም በል)።

አካሄዱ እንዲህ ነው።

1. አስተማሪው ቃሉን ይላል፣ ራሱም ያደርገዋል፤ 3 ጊዜ። ልጆቹ ያያሉ።
2. ቃሉን ይላል፣ ከልጆቹ ጋር አብሮ ያደርጋል፤ 5 ጊዜ ያህል፣ ቅደም ተከተሉን እያዛባ።
3. እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቃሉን ብቻ ይላል። እዚህ ላይ ብዙ አስተማሪ ሳያውቀው በዓይኑ ወይም በአገጩ ይጠቁማል፤ ልጆቹም ቃሉን ትተው አገጩን ያነባሉ። ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ ማዘዝ መድኃኒቱ ነው።
4. አንድ በአንድ በስም እየጠራ ያዛል። የጋራ ትእዛዝ ብቻ ከሆነ ሦስት ልጅ ያውቃል፣ ሌላው የነሱን ይቀዳል።
5. ሁለቱን በ«ወ» ያጋጥማል፦ ተንሥእ ወሑር። ሩጽ ወንሣእ እብነ። ንሣእ እብነ ወአንብር ዲበ ርእስከ።

የመጨረሻው፣ ድንጋይ አንሥተህ ራስህ ላይ አስቀምጥ የሚለው፣ ሁልጊዜ ያስቃል። እንዲህ ያለውን ያልተጠበቀ ትእዛዝ የፈጸመ ልጅ በግምት ሳይሆን ሰምቶ ነው ያደረገው።

ለሴት ልጅ ተንሥኢ፣ ንበሪ፣ ሑሪ፣ ንዒ፣ ንሥኢ፤ ለብዙዎች ተንሥኡ፣ ንበሩ፣ ሑሩ፣ ንዑ፣ ንሥኡ። ተነሣ፣ ተነሺ፣ ተነሡ ስለሚል አማርኛው ራሱ መንገዱን ከፍቶታል፤ ማብራሪያ አይፈልግም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለሴቷ በሴት ማዘዝ ብቻ ነው። ለብዙ ሴቶች የሚባለው «ተንሥኣ» አማርኛ ውስጥ ስለሌለ ይቆይ። «አርኁ» (ክፈት) የሚለውም ይቆይ፤ ለአንድ ወንድ የሚባል ሆኖ መጨረሻው የብዙ ይመስላል፣ ለብዙ ሲሆን «አርኅዉ» ነው፣ ገና በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹን ያምታታል።

ልጆቹ ራሳቸው ማዘዝ የሚጀምሩት ከሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ነው። መጀመሪያ አስተማሪውን ይዘዙ። መምህሩ ሲሮጥና ሲቀመጥ ማየት ዝምተኛውን ልጅ ሁሉ አፍ ያስከፍታል።

ሳምንት 3 እና 4፦ ሰላምታና ስም

ሰላም ለከ፣ ለሴት ሰላም ለኪ፣ ለብዙ ሰላም ለክሙ። እፎ ኀደርከ? እፎ ኀደርኪ? እፎ ኀደርክሙ? መልሱ እግዚአብሔር ይሴባሕ ነው። የተለያየ እምነት ያላቸው ልጆች ከተቀላቀሉ «ሰላም» ብሎ መመለስም ይበቃል።

ግዕዝ «እርስዎ» የሚል የአክብሮት መደብ የለውም። አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ግን አባቱን «አንተ» ብሎ ሲጠራ ይሸማቀቃል፣ አያቱ ከሰሙም ይቆጣሉ። ለታላቅ በብዙ ቁጥር «እፎ ኀደርክሙ» እንዲል ማስለመድ ሁሉንም ያስማማል።

መኑ ስምከ? — ስምየ ዳዊት። እዚህ ላይ የታወቀ ስሕተት አለ፦ ልጁ የጠያቂውን ቃል እንዳለ ያስተጋባና «ስምከ ዳዊት» ይላል። በሰዋስው አይታረምም። አስተማሪው የራሱን ደረት እየነካ «ስምየ…»፣ ወደ ልጁ እያሳየ «ስምከ…» እያለ ኳስ እየተወረወረ ሁለት ዙር ቢሄድ ይጠፋል። ኳሱን የያዘ «ስምየ» ይላል፣ የሚወረውርለትን «መኑ ስምከ» ይላል።

በነዚህ ሳምንታት የአማርኛ መስኮቱ ሀብታም ይሆናል። የሚከተለውን በቃል ብቻ፣ ሳይጻፍ፣ ልጆቹ ራሳቸው እንዲያገኙት ማድረግ ነው፦

ስምህ — ስምከ
ስምሽ — ስምኪ
ስሜ — ስምየ
ስማችን — ስምነ
ሰማሁ — ሰማዕኩ
ሰማችሁ — ሰማዕክሙ

«አማርኛው ህ ሲል ግዕዙ ምን ይላል?» ተብሎ ሲጠየቅ ከሰባት ዓመት በላይ ያለ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ «ከ» ብሎ ይመልሳል። ሽ ሲል ኪ። ከዚያ «መንግሥትህ» በግዕዝ ምንድን ነው? «ፈቃድህ»ስ? አቡነ ዘበሰማያት የሚደግም ልጅ «ትምጻእ መንግሥትከ ወይኩን ፈቃድከ» ሲል የኖረው ምን እንደሆነ እዚያው ይበራለታል። ይህን ግኝት አስተማሪው ቀድሞ ከተናገረባቸው ከንቱ ይቀራል።

ሳምንት 5 እና 6፦ ዕቃዎችና ያቺ አስቸጋሪ መድረሻ

ቅርጫቱ ይውጣ። ምንት ውእቱ ዝንቱ? (ይህ ምንድን ነው?) መጽሐፍ ውእቱ። ማይ ውእቱ። ኅብስት፣ እብን፣ ዕፅ፣ ጼው። ቁልፉ መርኆ፣ አበባው ጽጌ ነው፤ እነዚህን ሁለቱን በመጀመሪያው ቀን ከቅርጫቱ ያስወጧቸው፣ ምክንያቱ ወዲያው ይመጣል።

አማርኛ የሚደረግበትን ነገር በ«ን» ያመለክታል፦ ውኃውን ስጠኝ። ግዕዝ የቃሉን መጨረሻ ይለውጣል፦ ማይ ነው፣ ሲፈለግ ግን ማየ። ሀበኒ ማየ። ሀበኒ ኅብስተ። ንሣእ እብነ። ጠቅላላ ትምህርቱ ውስጥ ከዚህ የሚከብድ የለም፤ ስለዚህ ሁለት ሙሉ ሳምንት ተሰጥቶታል።

ልጆቹ የሚሠሩት ስሕተት ሁለት ዓይነት ነው። ወይ «ማይ ሀበኒ» ይላሉ፣ ወይ የአማርኛውን ጨምረው «ማይን ሀበኒ» ይላሉ። እርማቱ ሳይቋረጥ ይሁን፦ ልጁ «ማይን ሀበኒ» ሲል፣ አስተማሪው ጽዋውን ወደ ኋላ ይዞ «ማየ? ትፈቅድኑ ማየ?» (ውኃ ትፈልጋለህ?) ይበለው፤ ልጁ «ማየ!» ሲል ይስጠው። ውኃው እስኪሰጠው ድረስ የቃሉ መጨረሻ ለልጁ ዋጋ አለው። በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ቢታረም ለነገ አይቆይም።

«ማየ ሀበኒ» ብሎ ዕቃውን ያስቀደመ ልጅ ግን አይታረም። አማርኛችን ግስን መጨረሻ ስለሚያደርግ ልጁ እንዲያ ይቀናዋል፤ ግዕዙ አብዛኛውን ጊዜ ግሱን ቢያስቀድምም ሌላውንም ይቀበላል። «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ራሱ ተፈላጊውን አስቀድሞ ነው የሚለምነው። የማያስፈልግ እርማት የልጅን አፍ ይዘጋል።

ሳድስ የሆነው መድረሻ (እንደ ፍ) ወደ ግዕዝ፣ ማለት ወደ መጀመሪያው የፊደል ድምፅ (እንደ ፈ) ይለወጣል፦ መጽሐፍ፣ መጽሐፈ። ይህ ሲለመድ ቁልፉና አበባው ወደ ቅርጫቱ ይመለሱ። በራብዕ፣ በኃምስና በሳብዕ የሚጨርስ ቃል አይለወጥም፦ ሀበኒ ጽጌ፣ ሀበኒ መርኆ፣ ነጽር ሰረገላ። በሣልስ የሚጨርስ ወደ ኃምስ ይሄዳል፤ ብእሲ፣ ብእሴ። የመጨረሻውን ለትልልቆቹ ብቻ።

የሰውነት ክፍሎች እዚህ ይገባሉ። ግስስ ርእሰከ! ግስስ ዐይነከ! እዝነከ! እግረከ! አንፈከ! ግስስ ክሣደከ! «ርእስከ» በራሱ፣ ሲነካ «ርእሰከ»፣ «ዲበ» ሲቀድመው ደግሞ ተመልሶ «ዲበ ርእስከ»። አፍና እጅ የተለየ ጠባይ አላቸው፦ አፉከ፣ ሲነካ አፋከ፤ እጅህ እዴከ። እነዚህ እንደ ወረደ ይለመዱ እንጂ ሕግ አይፈለግላቸው። «አቡከ»ም ከ«አፉከ» ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን አንድ ልጅ ካስተዋለ ይመስገን፣ ካላስተዋለ ይለፍ።

በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሁለት ልጆች ይህን ያለ እርዳታ መነጋገር አለባቸው፦

ሄለን፦ ሰላም ለከ።
ዳዊት፦ ሰላም ለኪ። እፎ ኀደርኪ?
ሄለን፦ እግዚአብሔር ይሴባሕ። ምንት ውእቱ ዝንቱ?
ዳዊት፦ ኅብስት ውእቱ።
ሄለን፦ ሀበኒ ኅብስተ።
ዳዊት፦ ንሥኢ።
ሄለን፦ አአኵተከ (አመሰግንሃለሁ)።
ዳዊት፦ ትፈቅዲኑ ማየ?
ሄለን፦ እወ፣ እፈቅድ ማየ።

በቃል አጥንተውት እንዳይሆን ዳቦውን በድንጋይ ይለውጡት። ሄለን «ሀበኒ እብነ» ካለች አውቃለች፤ ድንጋይ እያየች «ሀበኒ ኅብስተ» ካለች ሸምድዳለች፣ ወደ ቅርጫቱ ይመለሱ።

«ትፈቅዲኑ» ላይ ያለው «ኑ» የጥያቄ ምልክት ነው። «ፈቀደ» ደግሞ ወጥመድ ነው፤ በአማርኛ «ፈቃድ ሰጠ»፣ በግዕዝ «ፈለገ»። «ነበረ»ም እንዲሁ፤ በግዕዝ መቀመጥ፣ መኖር ነው። እነዚህን ሁለቱን በአማርኛ መስኮቱ ግልጥ አድርጎ መናገር ይገባል፣ አለበለዚያ ልጁ ዓመቱን ሙሉ «ውኃ እፈቅዳለሁ» እያለ የሚያስብ ይሆናል። እንቢ ለማለት «ኢይፈቅድ» ነው። «አልፈልግም»ም «አይፈልግም»ም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ልጆች ግራ ይጋባሉ፤ ራስን መወዝወዝ ሲጨመርበት ችግሩ ይቀላል።

ሦስት መሸሻ ቃላት በዚሁ ጊዜ ይሰጡ፦ ምንት ብሂል? (ምን ማለት ነው)፣ ኢያአምር (አላውቅም)፣ ድግም (ድገም)። እነዚህ ካሉት ልጁ ሲቸገር ወደ አማርኛ አይሮጥም።

ሳምንት 7 እስከ 9፦ ትናንትና ዛሬ

ምንት ገበርከ ዮም? (ዛሬ ምን አደረግህ?) በላዕኩ ኅብስተ። ሰተይኩ ማየ። ሖርኩ ኀበ ቤተ ትምህርት። ሰማዕኩ፣ ጸሐፍኩ፣ ተንሣእኩ። አማርኛው «ሄድኩ» ስለሚል የራስን ድርጊት መናገር ፈጥኖ ይያዛል፤ ትማልም (ትናንት) እና ጌሠም (ነገ) ይጨመሩ።

ፊደል የሚገባው አሁን ነው። ሲጻፍ ልጆቹ ወዲያው «ለምን በላዕኩ ላይ ዕ አለ?» ይላሉ። መልሱ ለአማርኛ ተናጋሪ ደስ የሚል ነው፦ በልዐ — በላ፣ ሰምዐ — ሰማ፣ ጸሐፈ — ጻፈ፣ መጽአ — መጣ፣ በግዕ — በግ፣ ዶርሆ — ዶሮ። አማርኛው የጉሮሮውን ድምፅ ጥሎ በቦታው «ኣ»ን ወይም ባዶ ቦታ ትቷል። ከ9 ዓመት በላይ ያሉት ይህን እንደ እንቆቅልሽ ይወዱታል፤ ትንንሾቹን ግን ማሰልቸት ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ በአነጋገር አንድ ስለሆኑ ለአፍ ትምህርቱ ምንም አይጨምሩም፤ ልጅን በ«ኀደርከ» አጻጻፍ መቅጣት አጉል ነው።

ቅኔ ቤት ግስ የሚጀመረው ከ«ቀተለ» ነው። ለልጅ መነሻነት «ገደለ» የሚለው አይመችም፤ በዚህ ትምህርት ዋናው ግስ «ነበረ» ይሁን። ነበርኩ፣ ነበርከ፣ ነበርኪ፣ ነበረ፣ ነበረት፤ እየተቀመጡና እየተነሡ፣ በጥያቄና መልስ። ዐሥሩ መራሕያንም በአንድ ቀን አይወርዱም። አነ፣ አንተ፣ አንቲ፣ ውእቱ፣ ይእቲ እስከ ዘጠነኛው ሳምንት ያደርሳሉ። ንሕነ፣ አንትሙ፣ ውእቶሙ ቀጥለው ይመጣሉ፤ አንትንና ውእቶን የሚመጡት የሴቶች ቡድንና የወንዶች ቡድን ተለይተው ሲጫወቱ ነው።

አፍ መፍቻቸው አፋን ኦሮሞ የሆኑ ልጆች

አዳማ ውስጥ ይህ ሳይታሰብበት አይታለፍም። መሸጋገሪያው የልጁ ቋንቋ መሆን አለበት፤ አማርኛ ለሱ ሁለተኛ ከሆነ በአማርኛ ማብራራት ሁለት ጊዜ ማስተርጎም ነው። አስተማሪው አፋን ኦሮሞ ካልቻለ በመስኮቱ 3 ደቂቃ ትልቁ ልጅ ለትንሹ ይንገረው።

በአንድ ቦታ ላይ ደግሞ እነዚህ ልጆች ይቀድማሉ። «ነምኒ ዹፌ» ሰው መጣ ነው፤ «ነማ አርጌ» ሰው አየሁ። አድራጊው «ኒ» ሲይዝ የታየው ሰው በ«አ» ድምፅ ይጨርሳል። ስለዚህ «ሀበኒ ማየ» ሲባል ለጆሯቸው እንግዳ አይደለም፤ «ን» የመጨመር አባዜም የለባቸውም። በቁቤ ማንበብ የለመደ ልጅ ፊደል ላይ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ያለ ጽሑፍ እንዲሆኑ የተደረገበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፣ እኩል ይነሣሉ።

ሳምንት 10 እስከ 12፦ ከግቢ መውጣት

አይቴ ሀሎ መጽሐፍ? (መጽሐፉ የት አለ?) ዲበ ማእድ (ማእድ ላይ)። ታሕተ መንበር (ወንበር ሥር)። ውስተ ቤት። ድኅረ ኆኅት (ከበሩ ኋላ)። አንድ ልጅ ዕቃ ይደብቃል፣ ሌሎቹ በጥያቄ ብቻ ያገኙታል። ቁጥሮቹ ከአሐዱ እስከ ዐሠርቱ በኳስ ቅብብል አንድ ክፍለ ጊዜ ይፈጃሉ፣ ከዚያ በላይ አያስፈልጋቸውም።

በመጨረሻ ወደ በሩ ወጥቶ መንገዱን ማየት ነው። ጋሪ ሲያልፍ፦ ነጽሩ! ፈረስ ይስሕብ ሰረገላ። ፈረሱ ጸዐዳ (ነጭ) ነው ወይስ ቀይሕ (ቀይ) ወይስ ጸሊም (ጥቁር)? አድግ (አህያ)፣ ላህም፣ ከልብ፣ ዶርሆ፣ ዖፍ፤ የአዳማ መንደር እነዚህን ሁሉ በአንድ ጠዋት ያሳልፋል። የጋሪው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሰረገላ በራብዕ ስለሚጨርስ አለመለወጡን የሚያስተውል ልጅ ካለ ትምህርቱ ገብቶታል።

ባጃጅ ሲመጣስ? ልጆቹ መጠየቃቸው አይቀርም። አዲስ ቃል አይፈጠር። «ምንት ውእቱ ዝንቱ?» «ባጃጅ ውእቱ።» ግዕዝ በዘመኑ ከግሪክም ከዕብራይስጥም ቃል ተውሷል፤ አንድ ባጃጅ አይከብደውም። አስተማሪ የፈለሰፈውን ቃል ልጁ ነገ ሌላ ቦታ ቢናገረው የሚገባው ሰው አያገኝም።

መለኪያ

በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ፦ ልጁ ብቻውን፣ ጓደኞቹን ሳያይ፣ 12ቱን ትእዛዞች በተዛባ ቅደም ተከተል ከፈጸመ አልፏል። 9 ከሆነ አንድ ሳምንት ይደገም። ከ9 በታች የሆኑት ልጆች ቁጥር ከግማሽ ከበለጠ ችግሩ የአስተማሪው ፍጥነት ነው።

በስምንተኛው፦ የሄለንና የዳዊት ንግግር ባልታየ ዕቃ።

በዐሥራ ሁለተኛው፦ አንድ የሥዕል ካርድ ይዞ አምስት ዐረፍተ ነገር፣ ቢያንስ ሁለቱ እንደ «ማየ» የተለወጠ መድረሻ የያዙ።

ከዚያ በኋላ ንባብ ይጀመራል። ብዙ ሰው ወደ ዳዊት ይቸኩላል፤ መዝሙር ግን ቅኔያዊ ነው፣ ለጀማሪ አይመችም። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4፣ በጉድጓዱ አጠገብ ስለ ውኃ የሚደረገው ንግግር ይሻላል፤ ማይ፣ መጠጣት፣ መስጠት፣ መሄድ ሁሉም ለምደዋቸዋል። በቀን 3 ቁጥር፣ ተራኪው አስተማሪው ሆኖ፣ ሁለቱን ተናጋሪዎች ሁለት ልጆች ተከፋፍለው፣ ጽዋውን በመሀላቸው አስቀምጠው ያንብቡት።